ስፓኙ የተናገረው

ካቦው አሁንም ያንኑ ተናገረ።

"ወዲያው ነው የሞተው። አልተሠቃየም።"

አዲስ የገቡት ሴትዮዎች ከንፈራቸውን መጠጡ። አንዷ "እሱም አንድ ነገር ነው፣ ተመስገን" አለችና የሻሿን ጫፍ ወደ ዓይኗ ወሰደች። ካቦው አንገቱን ደፍቶ ወደ ቦታው ተመለሰ። ከቀብሩ ዕለት ጀምሮ ጠዋት ይመጣል፣ ማታ ይሄዳል። በሩ አጠገብ ባለችው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቆቡን ጉልበቱ ላይ ሲያሽከረክር ይውላል። እንዴት ሆኖ ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ የሚመልሰው እሱ ነው። የቤቱ ልጅ ይሠራበት የነበረው ዋሻ በተደረመሰ ቀን እዚያ የነበረው እሱ ስለሆነ ሌላው ዝም ይላል።

የሟቹ እህት ከእናቷ ጎን ፍራሹ ላይ ተቀምጣ አዳመጠችው። አንድ ነገር ከንክኗታል። ሰው የደረሰበትን ሲያወራ በተናገረ ቁጥር ቃሉ ይለዋወጣል፤ አንዱን ይረሳል፣ ሌላውን ይጨምራል። ካቦው ግን እንደ ፈተና ተማሪ የሸመደደውን ነው የሚያወርደው። ደግሞ ለቀስተኛው ሁሉ "ያረፈው"፣ "ያለፈው" እያለ ሲያለሳልስ፣ እሱ ብቻ "የሞተው" ይላል። በእናት ፊት እንዲህ አይባልም። ሰውየው ደግሞ ስድ አይደለም፤ እናቷ ስትናገረው እንኳ ከወንበሩ ብድግ ይላል።

ከጓሮ የብረት መቁረጫው ጮኸ። ሴትዮዎቹ ተያዩ።

"ዛሬም?" አለች አንዷ በሹክሹክታ።

ሌላዋ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ራሷን ነቀነቀች። አባትየው በያጅ ነው። ልጁን በቀበረ ማግስት ጓሮ ያለችው የብየዳ ክፍሉ ገብቶ እስካሁን አልወጣም ማለት ይቻላል። ሰፈሩ ይኼን እየተቀባበለ ነው። ምን እየሠራ እንደሆነ የምታውቀው ሴት ልጁ ብቻ ነች። ውሃ ልትሰጠው ገብታ አይታዋለች፤ የመቃብር አጥር ነው። ዘንጎቹን ይቆርጣል፣ ይለካል፣ አልወደውም ብሎ እንደገና ይቆርጣል። "ግባና ከሰው ጋር ተቀመጥ እንጂ አባዬ" ስትለው፣ "ሰው እያየኝ ቁጭ ማለት አልችልም" ብሏት መነጽሩን መልሶ አጠለቀ።

ሰፈርተኛው የሚያንሾካሹከው ግን ስለ ብየዳው ብቻ አልነበረም። እዚያ ዋሻ ልጁን የላከው እሱ ነው ይላሉ። ይኼ ደግሞ ውሸት አልነበረም።

ልጁ ሕግ ትምህርት ቤት የሚያስገባ ውጤት አምጥቶ ነበር። አባትየው ገና ውጤቱ እንደወጣ ለደንበኞቹ ሁሉ "ጠበቃዬ" እያለ ሲያወራ ከረመ። ልጁ ሊመዘገብ ዩኒቨርሲቲ ሄደ፤ ሰልፉ ረዘመበትና በኮሪደሩ ሲንጎራደድ ከአንድ ክፍል የሴት ድምፅ ሰማ። ጋዜጣ ጮክ ብላ የምታነብ መምህርት ነበረች። አንዲት ቃል አልገባውም። ግን በሩ ላይ ቆሞ እስክትጨርስ ሰማት፤ ከጨረሰችም በኋላ አልሄደም። ማታ እቤት ሲመለስ የተመዘገበው ስፓኒሽ ነበር።

አባትየው አልጮኸም። ሹካውን ሰሃኑ ላይ አስቀምጦ፣ "ከማን ጋር ልታወራበት ነው?" ሲል ጠየቀው።

ልጁ ሳቀ። "የሚያናግረኝ እስኪመጣ እጠብቃለሁ" አለ።

ክፍሉ ድሮ ዕቃ ግምጃ ቤት የነበረ ነው፤ ከተማሪው ወንበሩ ይበዛል። መምህርቷ በወጣትነቷ ሃቫና የተማረች፣ ሲጋራ ድምፅዋን ያሻከረው ሴት ነበረች። ቋንቋው አንድ ቢሆንም አገሩ ሃያ ነው እያለች የሃያውንም ሬዲዮ ታሰማቸዋለች፤ የአየር ትንበያ፣ የእግር ኳስ፣ የሙት መርዶ። ልጁ ያን ሁሉ እየዋጠ መጥቶ ማታ ማታ ገበታ ላይ ያራግፈዋል። የመመረቂያ ጽሑፉን የሠራው በአንቱታ ላይ ነው። እናትን አንቱ የሚሉበት አገር አለ፤ ባልና ሚስት አንቱ የሚባባሉበትም አለ፤ ውሻቸውን ሳይቀር አንቱ የሚሉ ሰዎች አሉ ብሎ የነገራቸው ዕለት እናቱ ጭልፋውን እስክትጥል ሳቀች።

"ለውሻ! 'ይብሉ እንጂ፣ በሞቴ' ሊሉት ነው?"

ከዚያ ወዲህ የጎረቤቱን ውሻ አንቱ ይለው ጀመር። "እርስዎ፣ እባክዎ ከበሩ ዘወር ይበሉልኝ" ይለዋል በማለዳ፣ ቦርሳውን አንግቶ። ሰፈሩ ስፓኙ ብሎ ያወጣለት ያኔ ነው። የሰፈሩን ዳር አልፎ ሌላ አገር አያውቅም፤ ስሙ ግን ስፓኙ ሆኖ ቀረ።

እህትየውም ተከትላው እዚያው ክፍል ገብታ ነበር። ሁለት ዓመት ተማረች። ከዚያ አባትየውን የብየዳ ፍንጣሪ ዓይኑን መታውና ለብዙ ወራት ሥራ ፈትቶ ቤት ዋለ። ለአንድ ቤት አንድ ስፓኝ ይበቃል ተባለና እሷ መነጽር ቤት ተቀጠረች፤ ሌንስ ሞርዳ ከፍሬሙ ጋር ማገጣጠም ሥራዋ ሆነ። ተናዳ ነበር። ወንድሟ ንዴቷን ያበረደው በወጥ ቤት ነው። ዕቃ ሲያጥቡ ዕለቱን የተማረውን ይነግራታል፣ በስፓኒሽ ያናግራታል፣ ስትሳሳት አረፋ ይረጫታል። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ፊት ለፊቱ ያሙታል። እናታቸው "በገዛ ቤቴ አማችሁኝ እኮ" እያለች በፎጣ ታባርራቸዋለች። እሱ ዋሻው ጋ ከሄደ ወዲህ ግን ያን ቋንቋ ከአፏ አውጥታው አታውቅም።

ሲመረቅ መምህርቷ ረዳት ሆኖ እንዲቀር ለምናው ነበር። ደስ ብሎት መጣ። ደመወዙን ሲሰማ አባትየው የባሰውን ዝም አለ። በዚያው ሰሞን አንድ ደንበኛው፣ ዋሻ የሚቆፍረው ድርጅት ከቦሊቪያ ሠራተኞች አስመጥቶ አስተርጓሚ አጥቶ ተቸግሯል ብሎ አጫወተው። አባትየው ያን ወሬ እንደ ዕቃ ይዞት ገባ። ልጁ አላንገራገረም ማለት አይቻልም፤ ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ አባትየው፣ "ይኸው የሚያናግርህ መጣልህ" አለው። ልጁ ሻንጣውን አዘጋጀ።

ከሄደ በኋላ በጣም የኮራው ማን ነው ቢባል አባትየው ነው። "ስፓኙ ልጄ" ይላል ብረት ለሚያሠራው ሁሉ። አሁን ከጓሮ የሚሰማው የመቁረጫው ጩኸት ነው፤ እሱ አንድ ቃል አይተነፍስም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ የድርጅቱ መኪና በሩ ላይ ቆመ። ከኋላ ወንበር በሁለት ክራንች የሚታገል ሰው ወረደ፤ አጭር፣ ደረተ ሰፊ፣ ፊቱ ፀሐይ የጠበሰው። አንድ እግሩ እስከ ጭኑ ጀሶ ውስጥ ነው። እሱን ሲያይ ካቦው በድንገት ብድግ ሲል ወንበሩ ወደቀ። ሮጦ ሄዶ ክንዱን ያዘው።

"ይኼ ሰው ገና ከሆስፒታል መውጣቱ ነው፣ ቢያርፍ ይሻላል" አለ ለሰው ሁሉ፣ ወደ መኪናው ሊመልሰው እየሞከረ።

ሰውየው ካቦውን አላየውም። ዓይኑ ሴቶቹ መሀል እየዞረ እናትየዋን ፈለገ፤ ማንም ሳይነግረው አወቃት። ከፊቷ ቆሞ ረጅም ነገር ተናገረ። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። በዚያ ሰፈር የሰውየውን ቋንቋ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ሁሉም የተሰበሰበውም ለሱ ነው።

እናትየው ወደ ልጇ ዞረች። "አንቺ ሁለት ዓመት ተምረሽ የለ? አናግሪው።"

"ረስቼዋለሁ፣ እማዬ።"

"የቀረሽን አናግሪው።"

ወንበር አቀረቡለት። እህትየው ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። መጀመሪያ ያወጣችው ዓረፍተ ነገር የሟች እህት መሆኗን የሚገልጽ ነበር። ያለፈ ጊዜ ግሶቹ ከራሷ ጠፍተዋል፤ ስለዚህ ስለ ወንድሟ ስትናገር "ነበር" ማለት አልቻለችም። ወንድሜ ጥሩ ሰው ነው አለችው። ወንድሜ ያንተን አገር ቋንቋ በጣም ይወዳል። ሰውየው ስህተቷን ሳያርም፣ አዎ፣ በጣም ይወዳል አለ እሱም።

ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ለሕፃን እንደሚናገር ሰው ቃላቱን እየለያየ ነገራት።

መሰርሰሪያው ላይ የነበረው እሱ ነው። ጣራው ሲናድ ሌሎቹ አመለጡ፤ የሱን እግር ማሽኑ ያዘው። አዳኞቹ ደረሱለት። ግን ከራሱ በላይ ያለውን ድንጋይ የያዘው አንድ የብረት ድጋፍ ብቻ ነበር፤ እነሱ ደግሞ መንገድ ለመክፈት ያንኑ ሊነቅሉ ተነሱ። ያን አትንኩ እያለ ጮኸ። እነሱ ሕመም ያስጮኸው መሰላቸውና በርታ በርታ ይሉታል።

"ወንድምሽ ያን ጊዜ ውጪ ነበር" አለ። "ቢሮ ውስጥ። ምንም አልነካውም ነበር።"

እህትየው ወደ ካቦው ዞረች።

"ምን አለ?" አለች እናትየው።

"በጣም ይዋደዱ ነበር ነው የሚለው።"

ሰውየው ቀጠለ። ልጁ ሮጦ መጣ። በሬዲዮ ሊያስተረጉሙት ሞከሩ፤ ጫጫታው አላሰማ አለ። ስለዚህ ገባ። በሆዱ እየተሳበ እስከሱ ድረስ መጥቶ አጠገቡ ተኛና ከዚያ ጀምሮ እሱ የሚለውን ለአዳኞቹ፣ አዳኞቹ የሚሉትን ለሱ ያደርስ ጀመር። የቱን ድጋፍ አትንኩ፣ የቱን ቁረጡ፣ ማሽኑን በየት በኩል አንሱ። በዚያ ሁሉ መሀል እንኳ አንቱ እያለኝ ነበር አለ ሰውየው። እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ምን አንቱታ አለ ወንድሜ፣ አንተ በለኝ አልኩት። ሳቀ። ከዚያ በኋላ አንተ አለኝ። ስለ እናቴ ጠየቀኝ፤ እኔም ስለ እናቱ ጠየቅኩት። እግሬን አስለቀቁኝ። ጎትተው ሲያወጡኝ ውስጠኛው እሱ ስለነበር ኋላ ቀረ። ቃሬዛው ላይ ሳልደላደል ጣራው በመሀላችን ወረደ።

እህትየው የክራንቹን ጫፍ እያየች ቀረች። እናቷ በክርኗ ጎሰም አደረገቻት።

"እግሩ ሲሰበር እሱ እንደረዳው ነው የሚለው" አለች። "ደግ ሰው ነው ይላል።"

"ያን ሁሉ ተናግሮ ይቺን ብቻ ነው ያለው?"

"ሌላው አልገባኝም፣ እማዬ።"

ካቦው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ስፓኒሽ አይችልም፤ የልጅቷን ፊት ግን ያነብባል። ቆቡን ከእጁ ጣለው፣ አላነሳውም።

ሰውየው አሁን ወደ እህትየው ጠጋ አለ። እዚህ የመጣሁት ለዚህ ነው አላት። ናዳው ከወረደ በኋላ ወንድምሽ ወዲያው አልሞተም። ድምፁ ይሰማ ነበር። እኔም ቃሬዛው ላይ ሆኜ ሰማሁት። ግን የሚናገረው በናንተ ቋንቋ ነበርና አልገባኝም። ያንኑ ደጋግሞ ይል ነበር። ለናንተ የተላከ ቃል እንደሆነ አወቅኩ። ሆስፒታል ተኝቼ እንዳይጠፋብኝ ቀንም ማታም ስለው ቆየሁ። ትርጉሙን የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። አሁን እናቱ ትስማው፤ የሷ ነው።

እህትየው ክንዱን ያዘችው። እንዳይናገር በምን ቃል እንደምትከለክለው ፈለገች፤ ሁለት ዓመት የተማረችውን ሁሉ አገላብጣ ፈለገች። ሰውየው ግን ፊቱን ወደ እናትየው አዙሯል። ዓይኑን ጨፈነ። ከንፈሩ ለመነሻው ተዘጋጀ።

"ሌማዬ" አለ። "ወዲያው ኔው ዬሞቴው ቤሉዋት። አልቴሰቃዬም ቤሉዋት።"

አስተርጓሚ የሚያስፈልገው ነገር አልነበረም። ለእማዬ ወዲያው ነው የሞተው በሏት። አልተሠቃየም በሏት።

ሰውየው ዓይኑን ገልጦ ፈራ። ያመጣው ስጦታ ምን እንደሆነ ከፊታቸው ለማወቅ ሞከረ። ምን ማለት ነው ብሎ እህትየውን ጠየቃት።

ሴቶቹ እናትየው ትጮኻለች ብለው ሊይዟት እጃቸውን ዘረጉ። እናትየው አልጮኸችም። ካቦውን አየችው። ካቦው ወለሉ ላይ ተቀመጠ። በእጁ ሲቆፍር እንደነበር፣ ጥፍሮቹ እስኪነቀሉ እንደቆፈረ፣ እንዳልደረሰበት አወራ፤ የሚያወራው ለማን እንደሆነ እንኳ አይታወቅም ነበር። ዋሻው አፍ ላይ አትግባ ብሎ ይዞት ነበር። ልጁ ሄልሜቱን ከካቦው ራስ ላይ አንስቶ "መጣሁ" ብሎት ነው የገባው። ከናዳው በኋላ በድንጋዩ ቀዳዳ ልጁን ያናግረው የነበረውም ካቦው ነው። ልጁ ማልልኝ አለው። ማለለት።

"እኔ ከራሴ አንድ ቃል አልጨመርኩም እናቴ" አለ። "እሱ እንዳለው ነው የነገርኩዎት። እንዳለው።"

እናትየው ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ከዚያ ወደ ሰውየው ዞራ ልጇን በዓይኗ ጠራቻት።

"ይድገምልኝ በይው።"

"እማዬ፣ ተዪው።"

"'እማዬ' ሲል ልክ እንደሱ ነው። 'ማ' ላይ እንደሱ ይጎትታታል። አልሰማሽም? ይድገምልኝ በይው።"

ድገምላት ማለት በስፓኒሽ ከአፏ ሳትፈልገው ወጣላት። ሰውየው ደገመ። እናትየው ዓይኗን ጨፍና፣ ጆሮዋን ወደ አፉ አስጠግታ ሰማችው። ደግሞ አስደገመችው። ሰውየው በሦስተኛው ላይ እንባው ጀሶው ላይ ይንጠባጠብ ጀመር፤ የሚለውን ግን አላቋረጠም፤ ምን እንደሚል አሁንም አያውቅም።

የጓሮው ጩኸት ከቆመ ቆይቷል፤ ልብ ያለው ሰው አልነበረም። አባትየው መነጽሩን ግንባሩ ላይ አድርጎ፣ እጅጌው በብረት ብናኝ ተሸፍኖ በር ላይ ቆመ። መኪናውን አይቶ ነው የመጣው። ወለሉ ላይ የተቀመጠውን ካቦ አየ፣ የሰውየውን ጀሶ አየ፣ ሁሉም ፊቱን ሲያዞርበት አየ።

"የሱ ጓደኛ ነው?" አለ።

እህትየው ራሷን በአዎንታ ነቀነቀችለት።

"ቦሊቪያዊው ነው አይደል? ስልክ ላይ ሲያነሳው ሰምቻለሁ።" ወደ ሴት ልጁ ዞረ። "ምን አለ? እንዴት እንደሆነ ነገራችሁ?"

እህትየው እናቷን አየች። እናቷም ባሏን እያየችው ነበር፤ የተቃጠለ እጅጌውን፣ የቀላ ዓይኑን፣ ከልጁ ቀብር ወዲህ የቀጠነ አንገቱን።

"ሊያጽናናን ነው የመጣው" አለች እናትየው። "ሥራውን በጣም ይወደው ነበር አለን። አንተ ስላስገባኸው ያመሰግንህ ነበር አለ።"

ካቦው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። አባትየው በሩን እንደያዘ ቆየ። ከዚያ ገባ፤ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለቀስተኛው መሀል ገብቶ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። መነጽሩን ከግንባሩ አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ሰፈርተኛው ቦታ ለቀቀለት።

ሰውየው ግራ ገብቶት አንዴ አባትን አንዴ እናትን ያያል። የተዘረጋው እግሩ ባዶ ሲሚንቶ ላይ ነው፤ ሕመሙ ፊቱ ላይ ይታያል። እናትየው የተደገፈችውን ትራስ ከጀርባዋ አወጣች። ተንበርክካ የተሰበረውን እግር በሁለት እጇ፣ በጥንቃቄ፣ ከፍ አደረገችውና ትራሱን ከሥሩ አስገባች። እግሩ ተደላደለ። እሷ ግን እጇን ከጀሶው ላይ ሳታነሳ እዚያው ተንበርክካ ቀረች።